ማንም የማይቆጥረው ንብረት

በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንድ ፕሮግራም በኮምፒውተሮቹ ላይ በስፋት መጫን ጀመረ። ቢኤስ ኮንታክት ጂኦ የሚባለው ይህ ፕሮግራም የባሕር ኃይሉን ሰፈሮች በስሪዲ ምስል ስለሚያሳይ የጥበቃ ዕቅድ ለማውጣት ያግዛል። ሠሪው ቢትማኔጅመንት የተባለ አነስተኛ የጀርመን ኩባንያ ነው። ባሕር ኃይሉ እስከዚያ ድረስ የገዛቸው የመጠቀሚያ ፈቃዶች ከ120 አይበልጡም ነበር። ፕሮግራሙ የተጫነው ግን ከ420 ሺህ በሚበልጡ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ኩባንያው ይህን ሲደርስበት ወረቀቱን ሰብስቦ በ2016 የአሜሪካን መንግሥት ከሰሰ፤ የጠየቀውም ካሳ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር።

ይህን የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ ጉልበተኛው ደካማውን ዘረፈ የሚል ነው። የፍርድ ቤቱ መዝገብ የሚናገረው ታሪክ ግን ለየት ይላል፤ ለየትኛውም መሥሪያ ቤትም ይበልጥ ይጠቅማል። ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው ተነጋግረው ነበር። ፕሮግራሙ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ በአንድ ጊዜ የሚከፍቱት ሰዎች ቁጥር ግን ከተገዛው ፈቃድ እንዳያልፍ ፍሌክሴራ የሚባል መቆጣጠሪያ ይቆጥራል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ መቆጣጠሪያው ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን የፕሮግራሙን ክፍል በትክክል ሳይቆጥር መቅረቱ ነው። መሣሪያው አለ ተብሎ ሥራው እንደተሠራ ተቆጠረ፤ በእርግጥ እየቆጠረ መሆኑን ግን ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። በ2021 የካቲት ውስጥ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ባሕር ኃይሉ በብዛት የመጫን ፈቃድ በተዘዋዋሪ ማግኘቱን ተቀበለ። ይሁንና ፈቃዱ የተሰጠው አጠቃቀሙ እስከተቆጠረ ድረስ ብቻ ስለነበረ፣ ቆጠራውም ስላልተካሄደ፣ የቅጂ መብት ተጥሷል ብሎ ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት የተፈረደው ካሳ 154,400 ዶላር ሆነ።

ገንዘቡ ለባሕር ኃይሉ ኢምንት ነው። ከገንዘቡ የሚበልጠው ጉዳይ፣ የጥይት ፍሬ እንኳ በደረሰኝ የሚያወጣና የሚያስገባ ተቋም በራሱ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለውን ነገር በትክክል መቁጠር አለመቻሉ ነው። ስለ ሶፍትዌር ፈቃድ ሲወራ ጨዋታው ብዙ ጊዜ ወደ ሌብነትና ሐቀኝነት ያዘነብላል። የሰረቀ አለ፣ የገዛ አለ፤ ሌላ ነገር ያለ አይመስልም። በፍርድ ቤት የታዩትን ትላልቅ ክርክሮች አንድ በአንድ ለተመለከተ ሰው ግን እውነቱ ሌላ ቦታ ነው። አብዛኞቹ ተቋማት የተያዙት ለመስረቅ ስላሰቡ ሳይሆን ምን እንደገዙ፣ ምን እንደጫኑና ውሉ ምን እንደሚፈቅድ በአንድ ቦታ የሚጽፍ ሰው ስላልነበራቸው ነው። ስለዚህ የፈቃድ አስተዳደር ከሁሉ በፊት የመዝገብ ሥራ ነው፤ መዝገቡም የአይቲ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሸክም ነው።

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ሰኔ 30 ሲቃረብ የሚካሄደውን የንብረት ቆጠራ የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ኮሚቴ ይዋቀራል፤ አባላቱ ቅጽ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ይዞራሉ፤ ጠረጴዛው ሥር አጎንብሰው የተለጠፈውን ቁጥር ያነባሉ። እግሩ የተሰበረ ወንበር ሳይቀር «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ ይጻፋል። ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ተቆርጦለታል፤ የተረከበው ሰው ስም ይታወቃል፤ ሰውየው መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ ክሊራንስ ይጠየቃል። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተርም በመለያ ቁጥሩ ይመዘገባል። በውስጡ ያለው ግን አይመዘገብም። ኮሚቴው የሒሳብ ፕሮግራሙን፣ የመረጃ ቋቱን፣ የንድፍ መሥሪያውን፣ የቫይረስ መከላከያውን አይጠይቅም፤ ቅጹ ላይም የሚጻፍበት ቦታ የለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከሳጥኑ ዋጋ የውስጡ ይበልጣል። የአንድ ባንክ ዋና ሥርዓት የፈቃድ ክፍያ የቅርንጫፎቹን የቢሮ ዕቃ ሁሉ ቢያስንቅ የሚገርም አይደለም።

ወንበርን መቁጠር ቀላል የሆነው ወንበር ከተገዛ በኋላ የገዢው ስለሚሆን ነው። ሶፍትዌር ሲገዛ ግን የሚገዛው ዕቃው ሳይሆን በተወሰነ መንገድ የመጠቀም መብት ነው፤ ልኬቱም እንደ ሻጩ ይለያያል። አንዱ በኮምፒውተር ቁጥር ይሸጣል፤ ሌላው በሰው ቁጥር፣ ሌላው በአንድ ጊዜ በሚገቡ ሰዎች ብዛት፣ ሌላው በሰርቨሩ ፕሮሰሰር ውስጥ ባሉ ኮሮች። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሰርቨርን ከ2016 እትም ወዲህ በኮር ነው የሚሸጠው፤ ለአንድ ሰርቨር የሚፈለገውም ቢያንስ የ16 ኮር ፈቃድ ነው። ባለ 32 ኮር ሰርቨር ገዝቶ የ16ቱን ብቻ የከፈለ መሥሪያ ቤት ደረሰኝ አለው፤ ዕቃው ሕጋዊ ነው፤ ግን ግማሹን ነው የከፈለው። በዚያ ላይ ወደ ሰርቨሩ ለሚገባ ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ኮምፒውተር ሌላ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ይህን ብዙ ግዥ ክፍሎች የሚሰሙት ዘግይተው ነው። ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር ተጭኖ የመጣ ዊንዶውስ ከዚያው ላፕቶፕ ጋር ይሞታል፤ ማሽኑ ሲቃጠል ፈቃዱን ወደ ሌላ ማዛወር አይቻልም። «ለቤትና ለተማሪ» ተብሎ በርካሽ ይሸጥ የነበረው ኦፊስ ደግሞ በንግድ ድርጅት ውስጥ ለሥራ እንዲውል አልተፈቀደም። እነዚህን ደንቦች ሁሉ የጣሰ ሰው ሌባ አይደለም። ደረሰኙን ፋይል አድርጎ ውሉን ያላነበበ ሰው ነው።

የአሜሪካ ምድር ጦርም ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። አፕትሪሲቲ ከተባለ የቴክሳስ ኩባንያ የገዛው የሎጂስቲክስ ሶፍትዌር ለ5 ሰርቨሮችና ለ150 መሣሪያዎች የተፈቀደ ነበር። እያደር ግን በ93 ሰርቨሮችና ከ9 ሺህ በሚበልጡ መሣሪያዎች ላይ ዋለ። ኩባንያው ነገሩን ያወቀው በ2009 አንድ የጦሩ ኃላፊ በስብሰባ ላይ ሶፍትዌሩ በሺዎች በሚቆጠሩ መሣሪያዎች ላይ እንደሚሠራ ሲናገሩ ነው። ኃላፊው የሚደበቅ ነገር አለ ብለው አላሰቡም፤ ሥራው መስፋፋቱን ነበር የሚያስረዱት። መንግሥት በ2013 ጉዳዩን በ50 ሚሊዮን ዶላር ጨረሰው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ዲያጂዮ የገጠመው ነው። ዲያጂዮ የጆኒ ዎከርና የጊነስ ባለቤት ነው፤ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ከ2012 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካን የያዘው እሱ ነበር። በ2004 ከጀርመኑ የሶፍትዌር ኩባንያ ሳፕ ጋር የተፈራረመው ውል የሚከፈለው በስም በተመዘገቡ ተጠቃሚዎች ቁጥር መሆኑን ይገልጻል። ዲያጂዮ በዓመታት ውስጥ ለፈቃድና ለጥገና ከ50 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍሏል፤ ማንም ከፋይ አይደለም ሊለው አይችልም። ከ2011 ጀምሮ ግን ሴልስፎርስ በተባለ የሌላ ኩባንያ መድረክ ላይ ሁለት አዳዲስ ሥርዓቶች ሠራ። በአንዱ የሽያጭ ሠራተኞቹ ጉብኝታቸውን ይይዛሉ፤ በሌላው ደንበኞች በስልክ ማዘዝ ትተው በኢንተርኔት ራሳቸው ያዝዛሉ። ትእዛዙ ከኋላ በኩል ወደ ሳፕ ይገባል። ሳፕም እነዚህ ሁሉ ሰዎች በተዘዋዋሪ የኔን ሶፍትዌር እየተጠቀሙ ነው ብሎ 54.5 ሚሊዮን ፓውንድ ጠየቀ። በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመሠረቱ ሳፕ ትክክል ነው አለ። ልብ በሉ፣ የተሰረቀ ነገር የለም፣ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም የለም። አንድ ጎበዝ ቡድን ደንበኛን የሚያስደስት አገልግሎት ሠራ፤ ያንን አገልግሎት ሲነድፍ የ2004ቱን ውል ያወጣና የጠየቀ ሰው ግን እንዳልነበረ ውጤቱ ይናገራል። ዛሬ በአገራችን ባንኮች የሞባይል መተግበሪያቸውን ከዋናው ሥርዓት ጋር፣ ሥርዓቱን ከቴሌብር ጋር፣ ያንን ደግሞ ከሌላ ሦስተኛ ወገን ጋር ሲያገናኙ ይህ ፍርድ በጠረጴዛቸው ላይ መኖር ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ጉዳይ ነው፤ እዚህ ማን ይጠይቃል?» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። በሕግ በኩል ሲታይ ግምቱ ስሕተት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ዜማ ሥራ ይጠብቃል። አዋጁ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ሆን ብሎ መብት ለጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት ለጣሰ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት አስቀምጧል። ቸልተኝነትም ያስጠይቃል ማለት ነው፤ አለመመዝገብ መከላከያ ሊሆን አይችልም። እርግጥ ነው፣ ሕጉ በየቢሮው እየገባ ሶፍትዌር አልቆጠረም። ነገር ግን ዳኛው ባይመጣ እንኳ ጉዳቱ ይመጣል። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ብዙ ጊዜ ማሻሻያውን ያጠፋል፤ ካዘመነው አክቲቬሽኑ እንዳይበላሽበት ይፈራል። ክራኩን የሚሠራው ፋይል ራሱም ምን እንደያዘ አይታወቅም፤ «ቫይረስ መከላከያውን አጥፍተህ ጫነው» የሚል መመሪያ ይዞ ነው የሚመጣው።

በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ ማይክሮሶፍት ጥቃቱ የገባበትን ቀዳዳ የሚዘጋውን ማሻሻያ፣ መድፈኛውን፣ ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። በእንግሊዝ ትረስት ከሚባሉት የሕዝብ ጤና ተቋማት ሲሶ ያህሉ ተናጉ፤ ቀጠሮዎች ተሰረዙ። እነዚያ ተቋማት ፈቃድ አጥተው አልነበረም፤ መድፈኛው ባልደረሰባቸው ማሽኖች ምክንያት ነው። በታኅሣሥ 2021 ደግሞ ሎግፎርጄ በምትባል ነጻ የጃቫ መሣሪያ ውስጥ ከባድ ቀዳዳ ሲገኝ በዓለም ዙሪያ ያሉ የአይቲ ሠራተኞች ለሳምንታት እንቅልፍ ያጡት መድፈኛው ጠፍቶ አይደለም። «የእኛ ውስጥ የት የት ነው ያለችው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ስላልነበራቸው ነው። ፕሮግራሞቹ በውስጣቸው የያዟቸውን ክፍሎች ጭምር የሚዘረዝር መዝገብ ያለው ተቋም ይህን ጥያቄ ፈጥኖ ይመልሰዋል። ለኦዲተር የሚዘጋጀውና ለጠላት የሚዘጋጀው ዝርዝር አንድ ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝም ይህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዋጋ ነው፤ ይህን ማናናቅ አይገባም። ለካሊፎርኒያ ድርጅት የተሰላ ዋጋ ለደሴ ሆስፒታል ወይም ለአዲስ አበባ ጀማሪ ድርጅት ፍትሐዊ አይደለም። ዶላሩን ማግኘት ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓመት 10 ሺህ ዶላር የሚከፍል ድርጅት በጀቱ ከ570 ሺህ ብር ወደ ሚሊዮን ሲዘል ምንም አዲስ ነገር አልገዛም። ግን እዚህ ላይ መዝገቡ ወጪ መሆኑ ቀርቶ መፍትሔ ይሆናል። የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት በየወሩ ይከፈልበታል፤ ሁለት ክፍሎች ተመሳሳይ ፕሮግራም ለየብቻ ይገዛሉ፤ ሙሉው እትም ለሁሉም ሲገዛ ግማሾቹ የሚከፍቱት ኢሜይል ብቻ ነው። ክላውድ ሲመጣ ይህ ጣጣ ያበቃል የሚሉ ነበሩ፤ አላበቃም፤ መልኩን ቀየረ። ድሮ አደጋው ሳይከፍሉ መጠቀም ነበር፤ አሁን ሳይጠቀሙ መክፈል ተጨመረበት።

የጃቫ ጉዳይ የዋጋውን ነገር በደንብ ያሳያል። ጃቫ ለረጅም ዓመታት ማንም እያወረደ በነጻ የሚጭነው ነገር ነበር። የጃቫ ባለቤት የሆነው ኦራክል ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍያ ለሚጠይቁት እትሞቹ በተጠቃሚ ቁጥር ማስከፈሉን ትቶ በድርጅቱ ጠቅላላ ሠራተኛ ቁጥር ማስከፈል ጀመረ፤ ለአነስተኛ ድርጅት የተቀመጠው ዋጋ በአንድ ሰው በወር 15 ዶላር ነው። 500 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሦስት ሰዎች ብቻ ቢጠቀሙበትም በዚህ ዋጋ በዓመት የሚደርስበት 90 ሺህ ዶላር ነው፤ ጥበቃውና ጽዳት ሠራተኛዋም ይቆጠራሉ። የጃቫ ክፍት ኮድ በሆነው በኦፕንጄዲኬ ላይ የተሠሩ ነጻ እትሞች ግን አሉ፤ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ። ከ90 ሺህ ዶላር ወደ ዜሮ የሚያሸጋግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የትኛው ማሽን ላይ የትኛው ጃቫ እንዳለ ማወቅ።

«እንግዲያው ሁሉንም ወደ ነጻ ሶፍትዌር እንለውጥና እንገላገል» የሚሉ አሉ። በመንገዱ እስማማለሁ፤ በመገላገሉ አልስማማም። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ ቱም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ክፍት ሶፍትዌር ነው። እነዚህ አገር የሚያኮሩ ምርጫዎች ናቸው። ሆኖም ክፍት ሶፍትዌርም ፈቃድ አለው። ዲኤችአይኤስ ቱ የቅጂ መብት መግለጫው እንዲጠበቅ ከመጠየቅ ብዙ የማያልፍ ልል ፈቃድ አለው፤ ሞሲፕ ደግሞ አሻሽሎ ለሌላ የሚያሰራጭ ሰው ያሻሻላቸውን ፋይሎች ኮድ እንዲያካፍል ያስገድዳል። ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ ከዚህም የጠበቀ ነው። የኔትወርክ ዕቃ ሠሪው ሲስኮ በ2003 እ.ኤ.አ. ሊንክሲስን በ500 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ የሊንክሲስ ዋይፋይ ራውተሮች ውስጥ የጂፒኤል ኮድ ነበር፤ ኮዱ የመጣውም ከአቅራቢ ወደ አቅራቢ እየተላለፈ ነው። የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በ2008 ፈቃዱን አላከበረም ብሎ ከሰሰው፤ በቀጣዩ ዓመት ሲስኮ ገንዘብ ሰጥቶና ፈቃዱ መከበሩን የሚከታተል ኃላፊ ሊሾም ተስማምቶ ጨረሰ። ያን ያህል ገንዘብ የከፈለ ኩባንያ የገዛው ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ አልቆጠረም።

የሚቀረው ተቃውሞ እውነትነት ስላለው ከሁሉ ይከብዳል። ሻጮቹ ራሳቸው ደንቡን እየለዋወጡ ነው፤ የደንበኛን አጠቃቀም የሚመረምሩበትን ኦዲትም የሽያጭ ማስገደጃ ያደርጉታል የሚል ነው። ማርስ የተባለው የቸኮሌት ኩባንያ በ2015 እ.ኤ.አ. ኦራክልን ሲከስ ለኦዲቱ ከ233 ሺህ ገጽ በላይ ሰነድ እንዳስረከበ፣ ኦራክል ግን ሶፍትዌሩ ባልተጫነባቸው ሰርቨሮች ላይም ጭምር ክፍያ እንደፈለገ ገልጾ ነበር፤ ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት ተዘጋ። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ሶፍትዌር ሠሪውን ቪኤምዌርን በኅዳር 2023 ከጠቀለለ በኋላ ወር ሳይሞላ አንዴ ተከፍሎባቸው ለዘለቄታው የሚያዙትን ፈቃዶች መሸጥ አቆመና ሁሉንም ወደ ደንበኝነት ክፍያ አዞረ፤ ኤቲኤንድቲን የሚያክል የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ሳይቀር ፍርድ ቤት ሄደ። ይህ ደንበኛን ማስጨነቅ ነው፤ በሌላ ስም ልጠራው አልፈልግም። ግን ማርስም ኤቲኤንድቲም ሊከራከሩ የቻሉት ውላቸውንና ያላቸውን ነገር ስለሚያውቁ ነው። መዝገብ የሌለው ተቋም ሻጩ «ይህን ያህል አለብህ» ሲለው የሚመልሰው የለውም፤ የሻጩን ቁጥር ተቀብሎ ይከፍላል፤ ወይም ሻጩን ቅናሽ ይለምናል።

መዝገቡ የሚመስለውን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ለፈቃድ አስተዳደር ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ ቁጥሩ 19770 ነው፤ ትላልቅ ተቋማት ሊከተሉት ይገባል። 40 ሠራተኛ ላለው ድርጅት ግን አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቃዋል። በአንድ በኩል የተገዛው ይጻፋል፤ ከደረሰኙና ከውሉ ጋር፣ ልኬቱ በሰው ይሁን በኮምፒውተር ወይም በኮር፣ የሚያበቃበት ቀን መቼ እንደሆነ። በሌላ በኩል በየማሽኑ ላይ በእርግጥ የተገኘው ይጻፋል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ግዥ ክፍል ያለ አይቲ ክፍል እንዳይገዛ፣ አይቲ ክፍል ያለ መዝገብ እንዳይጭን፣ የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛ ሲለቅ አካውንቱም እንዲዘጋ በክሊራንሱ ላይ አንድ መስመር እንዲጨምር፣ አዲስ ሥርዓት ሲነደፍ የድሮው ውል ከመሳቢያ እንዲወጣ ማድረግ ይጠይቃል። ይህ ትእዛዝ ሊመጣ የሚችለው ከላይ ብቻ ነው።

ከላይ ካልመጣ ሸክሙ የሚወድቀው በአንድ ወጣት የአይቲ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ነው። በጀት ሳይሰጠው «እስከ ነገ ይሥራ» ይባላል፤ ክራክ አውርዶ ያሠራዋል፤ ያኔ «ጎበዝ» ይባላል። ነገር ሲበላሽ ግን ፊርማውም ጥፋቱም የእሱ ብቻ ይሆናል። ይህ ግፍ ነው፤ በብዙ ቢሮዎችም እየተፈጸመ ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ከመፈረማችሁ በፊት የሶፍትዌራችሁን ዝርዝር አስቀርቡና በስማችሁ ፈርሙበት። የጎደለ ካለ በጀት መድቡ፣ ወይም ነጻ አማራጩን አስመርጡ፤ ሁለቱም ካልተቻለ የአይቲ ሠራተኛው ፕሮግራሙን እንዲያጠፋው እዘዙ። ያለ ፈቃድ እንዲጭን ግን በቃል አትዘዙት።